የውጭ አገር የሕክምናና የማጓጓዣ መድን ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው የጉዞ መድን የሚገዛው፣ ብዙውን ጊዜ፣ የቪዛ ማመልከቻው እንዳይጎድልበት ብሎ በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። ከዚህ በታች የሚነሡት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ይመነጫሉ፤ ውሉ የሚነበበው ቪዛ የሚሰጠው ሠራተኛ በሚያይበት ዓይን እንጂ አልጋ ላይ የተኛ ታማሚ በሚያይበት ዓይን አይደለም።

የመጀመሪያው ስህተት ለቪዛ የበቃ ሽፋን ለሕመምም ይበቃል ብሎ መገመት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቪዛ ደንብ መሠረት የሸንገን ቪዛ (ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግል የጋራ ቪዛ) አመልካች ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራ፣ አስቸኳይ ሕክምናን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስንና ሞትን የሚያካትት መድን ማቅረብ ይኖርበታል። ይህ ዝቅተኛው መጠን ነው፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለሰነበተ ሰው ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። አሜሪካ ደግሞ ለጎብኚ ቪዛ መድን አትጠይቅም፤ ጠያቂ ስለሌለም ብዙዎች ሳይገዙ ይሳፈራሉ፣ የሕክምና ዋጋው ግን በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። ለአሜሪካ ጎብኚዎች ከሚሸጡት ውሎች መካከል ለእያንዳንዱ አገልግሎት አስቀድሞ የተወሰነ ገንዘብ ብቻ የሚከፍሉ አሉ። አረቦናቸው (ለመድኑ የሚከፈለው ዋጋ) ርካሽ ነው፤ ሆስፒታሉ ከዚያ በላይ ሲጠይቅ ቀሪው በታማሚው ወይም በተቀባይ ልጁ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛውና በእኔ ግምት ከባዱ ስህተት ነባር ሕመምን መደበቅ ነው። ከመንዝ ተነሥተው የልጅ ልጃቸውን ለማየት የሚሄዱ፣ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ እናት እንበል። ቅጹን የሚሞላላቸው ልጅ «ሕመም አለብዎት?» የሚለውን ጥያቄ አረቦን እንዳይጨምር ሲል «የለም» ብሎ ያልፈዋል። አደጋ ሲደርስ ግን መድን ሰጪው የቀድሞ የሕክምና መዝገብ ሊጠይቅ ይችላል፤ የተደበቀው ሕመም ከተገኘም ካሳውን ለመከልከል ምክንያት ያገኛል። ብዙ ውሎች ነባር ሕመምን ጨርሶ አይሸፍኑም፤ አንዳንዶቹ ድንገት ሲባባስ ብቻ፣ ያውም በተወሰነ ዕድሜና በአነስተኛ ጣሪያ (መድኑ የሚከፍለው ከፍተኛ መጠን) ይሸፍናሉ። ተጓዡ 70 ዓመት ሲያልፈው ጣሪያው ዝቅ የሚልባቸው ውሎችም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ከከፍተኛው የገንዘብ መጠን በፊት መነበብ ያለበት ከሽፋን ውጪ የሆኑትን ጉዳዮች የሚዘረዝረው ገጽ ነው።

ሦስተኛው ስህተት ማጓጓዣን በተመለከተ የሚፈጠረው መደናገር ነው። ታማሚን በሕክምና ማጓጓዝ ማለት ብዙ ጊዜ በቂ ሕክምና ወደሚሰጥበት ቅርብ ሆስፒታል መውሰድ ማለት እንጂ ወደ አገር ቤት መመለስ ማለት አይደለም። የሚወስኑትም ሐኪሞቹና መድን ሰጪው ናቸው፤ ቤተ ሰቡ ስለናፈቀ አይሆንም። ረጅም ርቀት የሚበር የአምቡላንስ አውሮፕላን ከ100,000 ዶላር በላይ ሊያስወጣ ስለሚችል የማጓጓዣው ጣሪያ ከሕክምናው ጣሪያ ተለይቶ መታየት አለበት። ወደ አገር መመለስ በውሉ ውስጥ ቢኖርም የት ድረስ እንደሆነ ይጠየቅ። ሽፋኑ ቦሌ ላይ የሚያበቃ ከሆነ እስከ ደብረ ብርሃን የሚቀረው 130 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ለደብረ ሲናና ለሸዋ ሮቢት ሰው ደግሞ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ያለው ቁልቁለት ጭምር፣ በራስ ወጪ በአምቡላንስ የሚሸፈን ነው። አስከሬን መመለስም እንዲሁ የራሱ ጣሪያ አለው። ይህን ማንሣት ሟርት የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን የሠፈር እድር ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛ ያስተዛዝናል እንጂ የአውሮፕላን ጭነት ከፍሎ አስከሬን ለማምጣት አልተቋቋመም።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ ያላቸው አንዳንድ ሰዎችም መድን አለን ብለው ይዘናጋሉ። መታወቂያው የሚያገለግለው ውል በተገባባቸው የአገር ውስጥ ጤና ተቋማት ነው።

የቀን ስህተት ቀላል ይመስላል፣ ጣጣው ግን ብዙ ነው። የልደት ዘመንን ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 20 ገደማ ለተወለደ ሰው 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት ይጨመራል፤ ሁሉንም 8 ብሎ መደመር ከፓስፖርቱ ጋር የማይገጥም ውል ያስገኛል። በእኛ አነጋገር ማክሰኞ ሌሊት 6፡30 የምንለው በረራ በቲኬቱ ላይ ረቡዕ 00፡30 ተብሎ ስለሚጻፍ የሽፋኑ መጀመሪያም መጨረሻም ከቲኬቱ ጋር ይመሳከር። ቆይታውን ለማራዘም ያሰበ ሰው ውሉ ሳያልቅ ማሳደስ ይችል እንደሆነ ከመሄዱ በፊት ይጠይቅ።

በመጨረሻ የሚጠቀሰው ስህተት ሳይደውሉ መክፈል ነው። ሕይወት ለማትረፍ መጀመሪያ ሆስፒታል መድረስ ግድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን በውሉ ላይ ወደ ተጻፈው የ24 ሰዓት ስልክ ወዲያው መደወል ያስፈልጋል። በተለይ ማጓጓዣን ቤተ ሰብ በራሱ ካዘጋጀ፣ አስቀድሞ ፈቃድ አልተጠየቀም ተብሎ ወጪው ላይመለስ ይችላል። ቁጥሩ በስልክ ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ ባትሪው ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል። ገንዘባቸውን በመቀነታቸው የሚቋጥሩ እናት የመድን ሰጪውን ስልክ ቁጥርና የውሉን መለያ በወረቀት ጽፎ የሚሰጣቸው ካገኙ እዚያው አብረው ሊቋጥሩት ይችላሉ፤ ሌላ ቅጂ ደግሞ በሚያርፉበት ቤት ላሉት ልጆች ይተው።