ማርሚታ ከተቀየረ በኋላ ሞተሩ ለምን ይግላል? ጄት ከመቀየር በፊት የሚፈተሹ ነገሮች

እንደ ቦክሰር 150 ባለ፣ በአየር የሚቀዘቅዝና ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ባለው ሞተር ሳይክል ላይ ድምፁ ጎላ ያለ ማርሚታ ይገጠማል። ብዙም ሳይቆይ ጋዝ ሲለቀቅ መተኮስ ይጀምራል፣ ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ቶሎ አልወርድ ይላል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጥረዋል፣ ሞተሩም ከወትሮው በላይ ይግላል። በየጋራዡ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር «ትልቅ ጄት አስገባበት» የሚል ነው። ጄት በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ዕቃ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይሰፋል። ምክሩ ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን አየር የሚያስገባ ስንጥቅ ወይም የተደፈነ የቤንዚን መስመር ባለበት ሞተር ላይ ጄት መቀየር ችግሩን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ጄቱ መጨረሻ ላይ ይነካል።

አንድ ኪሎ ቤንዚን ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን የሚያወጣው ግን ቤንዚኑ ትንሽ ሲበዛ፣ ለአንድ ኪሎ ከ12.5 እስከ 13 ኪሎ አየር ሲደርሰው ነው። ትርፉ ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ፒስተኑና ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) በዚያ ይጠቀማሉ። ፋብሪካዎች ለጭስ ቁጥጥርና ለፍጆታ ሲሉ ቤንዚኑን ቀድሞውኑ ቆጥበው ስለሚያወጡ፣ ጭሱን በቀላሉ በሚያሳልፍ ማርሚታ ምክንያት ትንሽ አየር ሲጨመር ሞተሩ ወዲያው ያሳያል። ማርሚታ ብቻ ከተቀየረ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት የጄት ቁጥር በላይ ለውጥ አይጠይቅም። የአየር ማጣሪያው ሳጥን አብሮ ሲበሳ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ የሚገባው አየር ይጨምራል፣ ቤንዚኑን ከጄቱ ስቦ የሚያወጣው ኃይል ግን ይዳከማል። ሳጥኑን የበሳችሁ ካላችሁ ቀዳዳውን በቴፕ ደፍናችሁ ንዱ። ችግሩ ከቀነሰ ምክንያቱን አገኛችሁት ማለት ነው።

የአዲሱ ማርሚታ አንገት ሰማያዊ መሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይደለም። ነጠላ ግድግዳ ያለው ቱቦ ጤነኛ ሞተር ላይም ቀለሙን ይቀይራል። ዳገት ላይ ጋዝ ሲሰጥ ሳንቲም ጣሳ ውስጥ እንደሚንቀጫቀጭ ያለ ድምፅ ከተሰማ ግን አቁሙ። ያ ድምፅ ድብልቁ ያለጊዜው እየፈነዳ መሆኑን ይናገራል፤ በዚህ ሁኔታ መንዳት ፒስተን ይበሳል።

ፍተሻው ከጭስ መውጫው ይጀምራል። ማርሚታ ሲፈታ አንገቱ ላይ ያለው ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) ተጨፍልቆ የሚቀመጥ ስለሆነ ሁለተኛ ጊዜ በደንብ አይዘጋም፤ በተፈታ ቁጥር አዲስ ይግባ። ሞተሩን ከቀዝቃዛ አስነሱና የማርሚታውን አፍ በወፍራም ጨርቅ ለሁለትና ለሦስት ሰከንድ ያዙ። አንገቱ አካባቢ «ፍስ ፍስ» የሚል ድምፅ ወይም የጥቀርሻ ምልክት ካለ ይተነፍሳል ማለት ነው። በዚያ በኩል የሚገባው አየር ጋዝ ሲለቀቅ ያልተቃጠለውን ቤንዚን ማርሚታው ውስጥ ያቃጥለዋል፤ ተኩሱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሁለቱን የአንገት ብሎኖች እያፈራረቃችሁ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ፤ ከ100 ኪሎ ሜትር ያህል በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ድገሙት። ወደ ጭስ መውጫው ንጹህ አየር የሚልክ ቱቦ ከቴስታታው ጋር የተያያዘባቸው ሞተሮችም አሉ። ቱቦውን ለጊዜው በመቆንጠጫ ዝጉት፤ ተኩሱ ከጠፋና ካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው፤ አነባበቡ ከታች አለ) ጤነኛ ከሆነ ድብልቁ ምንም አልሆነም።

ቀጥሎ መግቢያው። ካርቡሬተሩን ከቴስታታው ጋር የሚያገናኘው ጎማ በዕድሜ ይሰነጠቃል፤ ማርሚታ ሲገጠም ካርቡሬተሩ ተገፍቶ ከሆነ ደግሞ ማሰሪያው ይላላል። ሞተሩን አስነስታችሁ በሚኒሞ ተዉትና በመርጫ ጠርሙስ ውኃ ጎማው ዙሪያ ርጩ። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ አየር ይስባል። ለዚህ ሥራ ቤንዚን ወይም የካርቡሬተር ማጽጃ አትርጩ፤ የጋለ ማርሚታ ከሥር ስላለ እሳት ይነሳል።

ሦስተኛው የቤንዚን አቅርቦት ነው። በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን ብዙ ጊዜ ውኃና ቆሻሻ ይዞ ይመጣል። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ብሎን ፍቱ፣ ክዳኑን ሳትነኩ የታንኩን የቤንዚን መክፈቻ ክፈቱና የሚፈሰውን ለአንድ ደቂቃ በንጹህ ዕቃ ያዙ። የዚህ መጠን ሞተር በሙሉ ጋዝ በደቂቃ 70 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠጣል፤ ስለዚህ የፈሰሰው 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ቢሆን ምቹ ነው። መጀመሪያ በደንብ ፈስሶ እየቀጠነ ከሄደ የታንኩ ክዳን መተንፈሻ ተደፍኗል። ከመጀመሪያው ቀጭን ከሆነ ማጣሪያውንና መክፈቻውን አጽዱ።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ነው ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባው። በጋዝ መስጫው እጀታ ላይ ቴፕ ለጥፉና ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ እና ሙሉ ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ችግሩ በየትኛው ምልክት ላይ እንደሚታይ ካወቃችሁ ጥፋተኛው ክፍል ይታወቃል። ከዝግ እስከ አንድ ስምንተኛ ድረስ የሚመግበው ትንሹ ጄትና የድብልቅ ብሎኑ ነው፤ ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ከጋዙ ጋር ከፍና ዝቅ የሚለው መርፌ፤ ከዚያ በላይ ዋናው ጄት። ችግሩ በሚታይበት ቦታ ላይ ቾኩን (ለማስነሳት ቤንዚን የሚያበዛውን) በትንሹ ሳቡ። ከተሻለው ቤንዚን አንሶታል፣ ከባሰበት በዝቶበታል። በሙሉ ጋዝ እየሄደ ሳለ ጋዙን ትንሽ ስትመልሱለት ፍጥነት ከጨመረ ዋናው ጄት ትንሽ ነው።

የድብልቅ ብሎኑ በሞተሩ በኩል ከሆነ ወደ ውጭ ሲፈታ ቤንዚን ይጨምራል፤ በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ወደ ውጭ ሲፈታ አየር ይጨምራል። በሞተሩ በኩል ያለው ከ3 ዙር በላይ መፈታት ከጠየቀ ትንሹን ጄት በአንድ ቁጥር አሳድጉ። መርፌው ላይ ያለው ክሊፕ አንድ ጉድጓድ ወደ ታች ሲወርድ መርፌው ከፍ ይላል፣ ቤንዚን ይበዛል። ጉድጓድ የሌለው መርፌ ከሆነ ከሥሩ የ0.5 ሚሊ ሜትር ቀለበት ማስገባት ይቻላል። ዋናው ጄት በአንድ ቁጥር ብቻ ይቀየር፣ ለምሳሌ ከ102.5 ወደ 105። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ከነካችሁ የትኛው እንደረዳ አታውቁም። ጄት በሽቦ ማስፋት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከር፤ ቀዳዳው ይበላሻል፣ ቁጥሩም ትርጉም ያጣል።

ማረጋገጫው ካንዴላ ነው። አዲስ ካንዴላ አስገቡ፤ ባዶ መንገድ ላይ በሦስተኛ ማርሽ በሙሉ ጋዝ ጥቂት ነድታችሁ ፍሪሲዮን ያዙ፣ ወዲያው ሞተሩን በማጥፊያው አጥፉና ቁሙ። የሚነበበው ነጩ ሴራሚክ ሥር ያለው ቀለበት ነው። ፈዛዛ ቡና መልክ ከሆነ ጥሩ፤ ጭራሽ ነጭ ሆኖ ካብረቀረቀ ቤንዚን አንሶታል፤ ጥቁር ጥቀርሻ ከሆነ በዝቶበታል። የብር መልክ ያላቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከታዩ ከፒስተኑ የተነሣ አሉሚኒየም ነውና ሞተሩ አይነሣ። ካንዴላው ደህና ሆኖ ሙቀቱ ካልቀነሰ የዘይት መጠኑን፣ የቫልቭ ክፍተቱን፣ የሚይዝ ፍሬንና የሞተሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መሃል የደረቀ ጭቃ መኖሩን እዩ።

ካርቡሬተር ሳይሆን ኢንጀክሽን (በኮምፒውተር የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ) ያለው ሞተር ከሆነ አዲሱ ማርሚታ የኦክስጅን ሴንሰር መግጠሚያ እንዳለው ተመልከቱ። ሴንሰሩ ተነቅሎ ከቀረ ኮምፒውተሩ ድብልቁን ማረም አይችልም፤ አንገቱ ላይ የሚተነፍስ ጓርኒሲዮን ካለም ሴንሰሩ የተሳሳተ ንባብ ያገኛል።

ካርቡሬተሩ የተስተካከለበት ከፍታም ይቆጠራል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተሩ በአንጻሩ ቤንዚን ያበዛል። ልክ እንዲሆን ተደርጎ እዚያ የተስተካከለ ሞተር ወደ አዋሽ፣ 900 ሜትር ገደማ ሲወርድ፣ ሙቀቱ ቢታሰብም እንኳ ቤንዚኑ ከአየሩ አንጻር ከመቶ 6 ያህል ያንሰዋል። ከተማ ውስጥ ሳያስቸግር የቆየ ሞተር ከአዳማ ወዲያ ሜዳው ላይ በሙሉ ጋዝ ሲነዳ የሚግለው በዚህ ጭምር ነው። ወደ ቆላ ከመውረዳችሁ በፊት ዋናውን ጄት በአንድ ቁጥር አሳድጉ፤ አሮጌውን ከካንዴላ ቁልፉ ጋር ያዙ፣ ስትመለሱም መልሳችሁ ግጠሙት።