ለኃላፊነት ቦታ ቃለ መጠይቅ ከራስዎ የሥራ ታሪክ መልስ እንዴት ይዘጋጃል?

«ከሥርዎ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ተጋጭተው ሥራ የተጓተተበትን ጊዜ ያስታውሱና ይንገሩን። እርስዎ ምን አደረጉ?»

ደሴ ላይ ለባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት፣ ኮምቦልቻ ላይ ለፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊነት፣ ወልድያ ላይ ለፕሮጀክት አስተባባሪነት የሚወዳደር ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሊገጥመው ይችላል። ብዙው ሰው የሚሰጠው መልስም የታወቀ ነው፦ «ግጭት ሲፈጠር የሁለቱንም ወገን አዳምጬ በመመሪያው መሠረት መፍትሔ እሰጣለሁ።» ክፉ መልስ አይደለም። ግን ጥያቄውን አልመለሰም። ጠያቂዎቹ የጠየቁት ስላለፈ ነገር ነው፣ የተመለሰላቸው ደግሞ ስለሚመጣው።

የአጠያየቁ ሐሳብ የቆየ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ፍላናጋን እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ጥናት፣ ሰውን «ታታሪ ነው፣ ታማኝ ነው» እያሉ ከመግለጽ ይልቅ በአንድ ቁርጥ ያለ አጋጣሚ ምን እንዳደረገ መመዝገብ የሚሻል መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ተመራማሪው ቶም ጃንዝ ይህንኑ መንገድ በቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ ፈተሸው። መነሻው ቀላል ነው፤ ሰው ነገ የሚያደርገው ትናንት ካደረገው ብዙ አይርቅም። በዚህ መንገድ የሚቀጥሩ ድርጅቶች ጠያቂዎቻቸው ፊት ነጥብ መስጫ ቅጽ ያስቀምጣሉ። የተሠራ ነገር ካልሰሙ ቅጹ ላይ የሚያሰፍሩት የላቸውም።

መጀመሪያ፦ ማስታወቂያውን እስክሪብቶ ይዘው ያንብቡ

የሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ግሶች ያስምሩባቸው። «ይመራል»፣ «ያስተባብራል»፣ «በጀት ይቆጣጠራል»፣ «ቅሬታ ይፈታል» የሚሉት እያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ ሆነው ሊመጡ ይችላሉ። አምስት ወይም ስድስት ይወጡልዎታል። እነሱን በወረቀት ግራ በኩል ይጻፉና ቀኙን ባዶ ይተዉት።

ሁለተኛ፦ ባዶውን ቦታ በእውነተኛ ታሪክ ይሙሉ

ከሁሉም የሚከብደውም የሚጠቅመውም ይህ ነው። ወሎ ውስጥ በርካታ ብቁ ሰዎች «እኔ እኮ የኃላፊነት ልምድ የለኝም» ሲሉ እሰማለሁ፤ ጨርሶ አልቀበለውም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ሆስፒታሉም፣ ፋብሪካውም፣ ትምህርት ቤቱም ተዘረፈ። ከዚያ በኋላ ተመልሰው የቀረውን ንብረት የቆጠሩ፣ ወንበርና ኮምፒውተር በሌለበት ቢሮ ሥራ ያስጀመሩ፣ የተበተነውን ሠራተኛ በስልክ እየፈለጉ የሰበሰቡ ብዙ ናቸው። አንዲት ነርስ ያለ ፍሪጅ በቀረ ጤና ጣቢያ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበትን ክትባት የት እንደምታቆይ ወስና ክትባቱን ካስቀጠለች፣ ያ በችግር ጊዜ ውሳኔ መስጠት ነው፤ ሥራ አስኪያጅ የሚቀጠረውም ለዚህ ነው። ሹመት ስላልነበራት ብቻ ከልምድ አይቆጠርም ማለት ራስን መበደል ነው።

ይህን ዘመን ሲያነሱ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። መከራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጥቀሱና ወደ ወሰኑት ነገር ይለፉ። ጠያቂዎቹም በዚያው ያለፉ ሊሆኑ ስለሚችሉ ስለ ጦርነቱ ወሬ ከተጀመረ የእርስዎ ሥራ ይዋጣል።

ከመሥሪያ ቤት ውጭም ይፈልጉ። የቅሬ (የዕድር) ገንዘብ ያዥ ሆኖ ያገለገለ ሰው መዋጮ ሰብስቧል፣ ሒሳብ አቅርቧል፣ ያልከፈለ ጎረቤቱን ሳያስቀይም አስከፍሏል። በተለይ አዲስ ተመራቂ ከሆኑ ይህን አይናቁት። የሥራ ታሪክ ያለው ሰው ግን ከሥራው ቢጀምር ይሻላል።

ትውስታ ሲጠፋ የድሮ ሪፖርቶችን፣ የቴሌግራም የሥራ ግሩፖችን፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎችን ያገላብጡ። ስምንት ያህል ታሪክ ካገኙ ይበቃል። አንዱ ታሪክ ለሁለት ለሦስት ጥያቄ ስለሚያገለግል ለእያንዳንዱ ጥያቄ የተለየ መፈለግ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፦ ታሪኩን በአራት ያደራጁት

ሁኔታው ምን ነበር? የእርስዎ ኃላፊነት ምን ነበር? ምን አደረጉ? ምን ተገኘ? በሥልጠና ላይ፣ ከአራቱ የእንግሊዝኛ ስሞች መነሻ ፊደላት፣ «ስታር» (STAR) እየተባለ የሚሰጠው ቅደም ተከተል ይህ ነው። አራቱ ግን እኩል ጊዜ አይወስዱም። ሁኔታውና ኃላፊነቱ በሦስት ዓረፍተ ነገር ያልቁ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጊዜ ላደረጉት ይሁን።

በምሳሌ እንየው። ተወዳዳሪዋ የስፌት መስመር ሱፐርቫይዘር ነበረች እንበል፤ የተጠየቀችው «የሚመሩት ቡድን ዕቅዱን ሳይመታ የቀረበትን ጊዜ ይንገሩን» የሚል ነው።

«ኮምቦልቻ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ 32 ሠራተኞች ያሉትን መስመር እመራ ነበር። ክረምት ላይ የጠዋቱ ምርት ወረደ፤ መልሶ ማስተካከሉ የእኔ ኃላፊነት ነበር። በመጀመሪያ የሁለት ሳምንት የመግቢያ ሰዓት መዝገብ አየሁ። በተደጋጋሚ የሚያረፍዱት ዘጠኝ ሲሆኑ ሰባቱ ከደሴ የሚመላለሱ ናቸው። አንድ በአንድ ጠርቼ አነጋገርኳቸው። መናኸሪያ መኪናው እስኪሞላ ይቆያሉ፣ ሐረጎ ላይ ጉም ከወረደ ደግሞ ሾፌሩ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። ደመወዝ ብቆርጥ መኪናው እንደማይፈጥን ገባኝ። ለምርት ክፍሉ ኃላፊ አመልክቼ ሰባቱ ግማሽ ሰዓት ዘግይተው ገብተው ግማሽ ሰዓት ዘግይተው እንዲወጡ አስፈቀድኩ። የመጀመሪያዎቹን ማሽኖች ኮምቦልቻ የሚኖሩት እንዲይዙ መስመሩን እንደገና ደለደልኩት። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ዕቅዳችንን የመታነው 11 ቀን ነበር፤ በተከታዩ ወር 22 ቀን መታን። ኮምቦልቻ የሚኖሩት ሁለቱ ግን ማርፈዳቸውን አልተዉም። በጽሑፍ አስጠነቀቅኳቸው፤ አንዷ አስተካከለች፣ ሌላው ሥራውን ለቀቀ።»

መልሱ ሲነበብ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ጥንካሬው ያለው መሐል ላይ ነው፤ ሴትዮዋ ከመቅጣቷ በፊት መዝገብ አየች፣ መንስኤውን ለየች፣ ሥልጣኗ የማይፈቅደውን የበላይዋን አስፈቀደች። ያልተሳካውንም አልደበቀችም፤ ሰው የለቀቀበት ታሪክ ሁሉም ከተስማማበት ታሪክ ይበልጥ ይታመናል።

እዚህ ላይ እኛን የሚጎዳን ትሕትናችን ነው። «ተነጋግረን አስተካከልነው» ማለት በሰው ፊት ያማረ ነው፤ ጠያቂው ግን ከተሠራው ውስጥ እርስዎ የትኛውን እንደሠሩ አያውቅም። ባልደረቦችዎ የሠሩትን ለእነሱ ይስጡ፣ የራስዎን ግን በግልጽ ይናገሩ። ጉራ አይደለም።

ቁጥር ካለዎት ይጠቀሙበት። ከሌለዎት አይፍጠሩ፤ ወደ ቀድሞ አለቃዎ ስልክ ሊደወል ይችላል። «በትክክል አላስታውስም፤ ግን ከዚያ ወዲህ የደንበኛ ቅሬታ በጽሑፍ አልመጣልንም» የሚል መልስ እውነት እስከሆነ ድረስ ይበቃል።

አራተኛ፦ ሁለቱን አስቸጋሪ ጥያቄዎች ለብቻ ያዘጋጁ

አንደኛው ስለ ስሕተት ነው። «ሥራ አበዛለሁ» ወይም «ለጥራት እጨነቃለሁ» የሚለውን ጠያቂዎች ሰልችተውታል። የራስዎ የሆነ፣ ዋጋ ያስከፈለና አሠራርዎን የለወጠ ስሕተት ይምረጡ። ለምሳሌ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ግዥ በማዘግየቱ ሰኔ 30 ደርሶ በጀት ተመላሽ የሆነበትን ሊያነሳ ይችላል፤ ከዚያ በቀጣዩ ዓመት የግዥ ሰነዱን በየትኛው ወር እንዳስጀመረና ምን እንደተገኘ ይጨምራል። ሐቀኝነትን ወይም የሰው ደህንነትን የሚነካ ጥፋት ግን ለዚህ ቦታ አይሆንም።

ሁለተኛው ከላይ ያነሳነው የግጭት ጥያቄ ነው። አበጋር (የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ) ሲያስታርቅ እያየ ያደገ ሰው ለሁለቱም ወገን ጆሮ መስጠትን ያውቅበታል፤ ትልቅ ሀብት ነው። ሆኖም ሽምግልና ላይ ታሪኩ በእርቅ ይዘጋል፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ከእርቁ በኋላ ያለው ይፈለጋል። ሥራው እንዴት ተከፋፈለ? ማን ለማን ሪፖርት እንዲያደርግ ተወሰነ? ከወር በኋላ ተመልሰው አይተውታል? እነዚህን ሳይናገሩ አይጨርሱ።

አምስተኛ፦ ድምፅ አውጥተው ይለማመዱ

በቃል አይሸምድዱ፤ አንድ ቃል ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ለእያንዳንዱ ታሪክ አራት አጫጭር ማስታወሻ ይዘው በስልክዎ እየቀዱ ይናገሩ፤ ከሁለት ደቂቃ ካለፈ ከመነሻው ይቀንሱ። ከዚያ ሥራዎን ለማያውቅ ዘመድ፣ ቡና ተፈልቶ አቦል ሲቀዳ፣ ይንገሩት። «ታዲያ አንተ ምን አደረግህ?» ብሎ ካቋረጠዎት ጠያቂዎቹም ያንኑ ማለታቸው አይቀርም። ማስታወቂያው የወጣው በእንግሊዝኛ ከሆነ ልምምዱም በእንግሊዝኛ ይሁን፤ አጫጭር ዓረፍተ ነገር ይምረጡ።

በዕለቱ

ጥያቄው እንዳለቀ አይጣደፉ፤ «ጥቂት ላስብበት» ማለት ነውር የለውም። ከመልሱ በኋላ «ሌላ አማራጭ አልነበረም?» ወይም «ዛሬ ቢሆን ምን ይለውጣሉ?» ተብለው ሲጠየቁ አይደንግጡ፤ ታሪኩን በእውነት የኖረበት ሰው መሆንዎን ለማየት ነው። የተጠየቁት ነገር ፈጽሞ ካልገጠመዎት «ይህ በትክክል አልገጠመኝም፤ የሚቀራረበውን ልንገራችሁ?» ብለው ያስፈቅዱና በጣም ወደሚቀርበው ታሪክ ይሂዱ።