አዲስ በተረከቡት ጓሮ ያልታወቀ ነገር ሲበቅል ምን ይደረጋል?

አዲስ ጓሮ የያዘ ሰው የቀድሞው ባለቤት የተከለውን ብቻ ሳይሆን የተወውንና ያቃተውንም ይረከባል። እኔ ቁልፉን በተቀበልኩ ማግስት መቀስና ዶማ ይዤ ወጣሁ። ያ ችኮላ አራት ጽጌረዳ አሳጥቶኛል፤ ታሪኩ አምስተኛው ነጥብ ላይ ይመጣል።

1. አይንቀሉ፤ ፎቶ ያንሱ። ቅጠሉን ከላይም ከሥርም፣ ግንዱን፣ የበቀለበትን ቦታ። ዛሬ ባዶ የሚመስል መሬት ውስጥ የተኛ የአበባ ሥር ሊኖር ስለሚችል፣ ከቻሉ አንድ ወቅት ይታገሡ። ስልክ ላይ የሚጫነው የዕፅዋት መለያ መተግበሪያ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ አይፈርድም። በተለይ እንጉዳይ ከሆነ መተግበሪያውን አምነው አንዳች ነገር እንዳይቀምሱ።

2. ጓንት ያድርጉ። ትዕግሥት የማይሠራው ልጅ ወይም ውሻ ባለበት ግቢ አስተናግርና ጉሎ ሲገኙ ነው፤ የሁለቱም ፍሬ መርዝ ነው። ቅንጭብ ሲቆርጡ ደግሞ ነጩ ወተት ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ።

3. «ስሙ ማን ነው?» ከማለትዎ በፊት «ምን ይበላል?» ብለው ይጠይቁ። ሣር መሐል የሚፈነዳ እንጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚበላው ከሥሩ የተቀበረ አሮጌ እንጨት ነው፤ እንጨቱ ሲያልቅ እሱም ይጠፋል። ከዝናብ በኋላ በብስባሽ ላይ የተደፋ እንቁላል መስሎ የሚታየው ቢጫ አረፋም አስደንጋጭ ይምሰል እንጂ ተክል አይጎዳም። ሲደርቅ ቡናማ ዱቄት ይሆናል። በአካፋ ይፈሱት፤ በውኃ ካጠቡት ግን ይበተናል። ቅርፊት ላይ የሚለጠፈው አመድማ የዛፍ ሽበት ምግቡን ራሱ ስለሚያዘጋጅ ከዛፉ ምንም አይወስድም። ይተዉት፣ ያምራል።

ከሕያው ተክል የሚበላው ነው የሚያሳስበው። ተቀጽላ ቅጠሉ ከዛፉ ቅጠል ስለሚለይ ይታወቃል። ሥሩ እንጨቱ ውስጥ ስለሚገባ እሱን ብቻ ቢነቅሉት መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ቅርንጫፉን ከተጣበቀበት 30 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ግንዱ ቀርበው ይቁረጡት። ግንድ ላይ እንደ መደርደሪያ የወጣ ፈንገስ ካዩ ደግሞ መላጡ ከንቱ ነው፤ እንጨቱ ከውስጥ መበስበስ ጀምሯል። ዛፉ ቤት ላይ ካዘነበለ ባለሙያ ይጥሩ።

4. ሰርዶንና ሥሩ ላይ ኳስ የሚቋጥረውን የእንግጫ ዘር አይክተፉ። እያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ተክል ነው። አፈሩን አላልተው በእጅ ይልቀሙ። ጨው መነስነስ የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ አረሙን ሲገድሉ አፈሩንም አብረው ይገድላሉ።

5. አፈር ጫፍ ላይ ያለው እባጭ። የጽጌረዳ ወይም የፍሬ ዛፍ ግንድ መሬት በሚነካበት ቦታ ጉብታ ካዩ መቀሱን ያስቀምጡ። ሁሉም ጉብታ በሽታ አይደለም። ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች የአንዱን ቀንበጥ በሌላው ሥር ላይ ስለሚያጣብቁ፣ የተጣበቀበት ቦታ አብጦ ይቀራል። ይህኛው እንደ ቀሪው ግንድ ቅርፊት ለብሶ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይቀመጣል፤ ከወር ወር መጠኑ ያው ነው። የበሽታው እባጭ ግን ሻካራና የተሰነጣጠቀ ነው፤ ለጋ ሳለ ለስለስ ይላል፣ ሲያረጅ እንደ ቡሽ ይደርቃል፣ ያድጋል፣ ሥሩም ላይ ይደገማል። አፈሩን በጣትዎ ገለጥ አድርገው ሥሩን ይመልከቱ። ካልለየልዎት በክር ለክተው ከአንድ ወር በኋላ ደግመው ይለኩ።

መንስኤው አግሮባክቴሪየም የተባለ የአፈር ባክቴሪያ ነው። በቁስል ይገባና ከራሱ ዘረመል ቁራጭ ወስዶ በተክሉ ሴል ውስጥ ይተክላል። ከዚያ በኋላ ሴሉ ራሱ እየተባዛ ያብጣል፣ ለባክቴሪያውም ቀለብ ያዘጋጃል። መድኃኒት መርጨት የማይጠቅመው ለዚህ ነው፤ ባክቴሪያው ቢሞት እንኳ ትእዛዙ ሴሉ ውስጥ ቀርቷል።

እኔ ይህን ሳላውቅ እባጩን በመግረዣ መቀስ ቆረጥኩና፣ «ንጹሕ ሆነ» ብዬ በዚያው መቀስ የቀሩትን ጽጌረዳዎች ገረዝኩ። የመጀመሪያው ብቻ ነበር የታመመው። በሚቀጥለው ዓመት አራቱም አበጡ።

ስለዚህ የታመመውን ከነሥሩና በዙሪያው ካለው አፈር ጋር ያውጡ። ብስባሽ ክምር ውስጥ አይጨምሩት፤ ማቃጠል ካልተከለከለ ያቃጥሉት፣ ካልሆነ በላስቲክ አሥረው ከቆሻሻ ጋር ያስወግዱ። ስለቱን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሻገሩ ሁሉ በ70 በመቶ አልኮል ይጥረጉ። በረኪናም ይሠራል፣ መቀሱን ግን ያዝገዋል። እዚያው ጉድጓድ ላይ ሌላ ጽጌረዳ አይትከሉ፤ ባክቴሪያው አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ሽንኩርትን ግን አይነካውም፤ እኔም የአራቱን ቦታ ሽንኩርት አድርጌዋለሁ።