ከሚኒያፖሊስ ወደ ቆሎጂ፦ ለተፈናቀሉ እናቶች እርዳታ የምትልኩ እህቶች እንዴት ትጀምሩ?

ተወልጄ ያደግኩት ጅጅጋ ነው። አሁን የምኖረው ሚኒያፖሊስ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ባቢሌ አካባቢ ላለው የቆሎጂ መጠለያ ገንዘብ እንልካለን። እዚያ ካሉት ብዙዎቹ በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሳው ግጭት የተፈናቀሉ ናቸው። እኔ የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ ነኝ። ምክሬ ሁሉ ወደ ደረሰኝ ቢያደላ አትፍረዱብኝ።

ሰሞኑን «እኛም ልንጀምር ነው፣ ከየት እንነሳ?» የሚሉኝ እህቶች በዝተዋል። ለሁሉም በቮይስ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው።

ልብስ አትሰብስቡ

ሁሌም መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ኮንቴይነር ነው። «ቤታችን ልብስ ሞልቷል፣ ሰብስበን እንላክ።» ከዚያ የአንዷ ጋራዥ በጆንያ ይሞላል። የመርከቡ፣ የጉምሩኩ፣ የመጋዘኑና የጭነት መኪናው ወጪ ይደመራል። በዚያው ገንዘብ ጅጅጋ ገበያ አዲስ ባቲና ጋርባሳር (የሶማሊ ሴቶች ቀሚስና ሻሽ) ይገዛል፤ የአገሩ ነጋዴና ልብስ ሰፊም ይጠቀማል። የክረምት ጃኬትማ ለቆሎጂ ምን ይሠራል?

ገንዘብ ላኩ። ግን በመጀመሪያ ጠይቁ።

አጠያየቁ ላይ ነው ጉዳዩ

«ምን ጎደላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን» ይሏችኋል፣ ወይ ማለቂያ የሌለው ዝርዝር ይሰጧችኋል። ሁለቱም አይጠቅማችሁም። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ «ባለፈው ከተሰጣችሁ እርዳታ ምኑን ሸጣችሁ? ለምን?»

ይህን ስንጠይቅ የሰማነው ስለ ወፍጮ ነበር። የሚታደለው ስንዴ ብዙ ጊዜ እህል ሆኖ ነው የሚመጣው። ካልተፈጨ ለልጅ አንጄሮ፣ ማለትም የሶማሊ እንጀራ፣ አይጋገርበትም። ወፍጮ ቤት ደግሞ በነጻ አይፈጭም። እናትየው ምን ታድርግ? ከተሰፈረላት ላይ ቀንሳ ትሸጣለች። ያን ቀን ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋው ይወድቃል። ባገኘችው ብር የቀረውን ታስፈጫለች፤ ለማገዶም ትንሽ ትቀንሳለች። የአንድ ወር የተባለው ቀለብ ወሩ ሳያልቅ ያልቃል።

አሁን የምንከፍለው ወፍጮ ነው። መጠለያው ውስጥ ያለው ኮሚቴ ማኅተም ያለበት ኩፖን ለእናቶች ያድላል። እናትየው ስንዴዋንና ኩፖኗን ይዛ ትሄዳለች። ባለወፍጮው ኩፖኖቹን እየሰበሰበ ያስቀምጥና በወሩ መጨረሻ ቆጥሮ ያስረክባል፤ ያኔ ይከፈለዋል። ለፎቶ የሚሆን ነገር የለውም፤ ዱቄት የነካው ወረቀት ብቻ ነው። ቀለቡን ግን ያቆየዋል። ሩዝ ገዝተን ብንልክ ይህን ያህል አንጠቅምም ነበር።

ከማን ጋር ትጀምራላችሁ?

አዲስ ማኅበር ለማቋቋም አትድከሙ። ሀግባድ አላችሁ አይደል? እቁብ በሉት፣ ያው ነው። እዚያ ውስጥ ማን በጊዜ እንደምትከፍል፣ ማን እንደምታጓትት ታውቃላችሁ። በየወሩ ከምትጥሉት ላይ እያንዳንዷ አሥር ዶላር ትጨምር። ትንሽ ናት፣ ግን አትቋረጥም። በአንድ ምሽት ዝግጅት ከሚሰበሰብ ብዙ ገንዘብ እኔ ይህችን እመርጣለሁ።

ሥራውን ለሦስት ክፈሉት። አንዷ ትሰበስባለች፣ ሌላዋ ትልካለች፣ ሦስተኛዋ ከወዲያ በኩል መድረሱን ታረጋግጣለች። ሦስቱም የአንድ ቤት ልጆች አይሁኑ። «እኛ እኮ እንተማመናለን» የምትል አትጠፋም። መተማመኑ ጥሩ ነው፤ ወረቀቱ ግን ሒሳብ ያዧን ከሐሜት ያድናታል።

ስለ ሕጉ

አሜሪካ ያላችሁ ከግብር ነጻ ድርጅት ሆናችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ። ዓመታዊ ገቢያችሁ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ትንሽ ማኅበር ከሆናችሁ 1023-ኢዚ የሚባለው አጭር ቅጽ አለላችሁ፤ ክፍያው 275 ዶላር ነው። ከዚያ በየዓመቱ 990-ኤን የተባለችውን አጭር ማሳወቂያ መሙላት ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ካልሞላችሁ ከግብር ነጻ መሆናችሁ በራሱ ይሰረዛል። ብዙ የእኛ ማኅበራት የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አለ። መዝጋቢው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። ለጀማሪ ግን እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በሕግ ተመዝግቦ በአካባቢው የሚሠራ ድርጅት ፈልጉና ከእሱ ጋር ስምምነት ተፈራረሙ። ወደ መጠለያ ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል። ለአገር ውስጥ ተፈናቃይና ለስደተኛ በሩ አንድ አይደለም። ቆሎጂ ያሉት በአገራቸው የተፈናቀሉ ናቸው። ቀብሪ በያህ፣ አውበሬ፣ ሸደር ወይም ዶሎ አዶ ያሉት ከሶማሊያ የመጡት ግን ጉዳያቸው የሚታየው የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት በሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። ይህን ሳይለዩ ደብዳቤ የሚጽፉ ወራት ያባክናሉ።

ገንዘቡ ሲላክ

ለባንካችሁ ሥራችሁን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ስምምነቱንና የወጪ እቅዱን አሳዩ። ወደ ሶማሊያ የሚላክ ገንዘብ ላይ ባንኮች እንዴት እንደሚጨነቁ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የካሊፎርኒያ ባንክ የሶማሊ ሐዋላ ድርጅቶችን ሒሳብ ሲዘጋ ለእናቱ የቤት ኪራይ የሚልከው ሁሉ ግራ ተጋብቶ ነበር። «ጥያቄ እንዳይመጣብን» ብላችሁ በየሰዉ የግል ሒሳብ ቆራርጣችሁ አትላኩ። ጥያቄ የሚያመጣው እሱ ነው።

መዝገባችሁ ላይ በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ነገር ጻፉ፦ የላካችሁትን ዶላር፣ እዚያ የደረሰውን ብር፣ በዚያ ሳምንት የነበረውን የወፍጮ ዋጋ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአንድ ዶላር የሚደርሰው ብር በጣም ጨመረ። «ብሩ በዛ፣ የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ አባል ሲመጣ መልሱ ሦስተኛው አምድ ላይ ነው።

የረመዳን ገንዘብ ለብቻው ይያዝ። ዘካ፣ ማለትም የግዴታው ምጽዋት፣ ለዘካ ተገቢ ለሆኑ ሰዎች ብቻ ነው፤ ለኩፖን ማተሚያና ለትራንስፖርት በፈቃድ ከሚሰጠው ሰደቃ ውሰዱ። ደግሞ በረመዳን ሁሉም ይሰጣል፣ ከኢድ በኋላ ዝም ይላል። ሰደቃውን በአንዴ አትጨርሱት። ለጂላል፣ ማለትም ውሃ በቦቴ ለሚመጣበት ደረቅ ወቅት፣ የተወሰነ አስቀሩ። ሸራ ለቡል (ለሶማሊ ጎጆ) ጣሪያ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ጉ የሚባለው የበልግ ዝናብ ሳይገባ፣ ከሚያዝያ በፊት ይድረስ።

እዚያ ያለው ኮሚቴ

ሴቶች ይብዙበት፤ ከአንድ ጎሳ ብቻም አይሁን። ይህን የምለው አስቸጋሪ መሆኑን እያወቅኩ ነው። ስልክ የሚደውልልን ዘመዳችን ነው፣ የምናውቀውም እሱን ነው። ግን እርዳታ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ካለፈ ያ ሰው ማን እንደሚያገኝ፣ ማን እንደሚቀር የሚወስን በረኛ ይሆናል። ሞቃዲሾ ውስጥ ተፈናቃዮች የሰፈሩበትን ቦታ የሚቆጣጠሩ ሰዎች ከእርዳታው ድርሻ ሲወስዱ ስንት ጊዜ ተሰምቷል! የተረጂዎቹን ዝርዝር ኮሚቴው በስብሰባ፣ ጮክ ብሎ ያንብበው። የተዘለለችው እናት ያኔውኑ ትናገራለች።

ደግሞ መንገዱ አዲስ አይደለም። ሐዋ አደን መሐመድ ከካናዳ ተመልሳ በሶማሊያዋ ጋልካዮ ከተማ የሴቶችና የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ያቆመች ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 ስደተኞችን ለሚረዱ የሚሰጠውን የናንሰን ሽልማት አግኝታለች። የእሷን ሥራ አንብቡት። እኔን የገረመኝ የሙያ ሥልጠናውንና ትምህርቱን አለመነጣጠሏ ነው።

ፎቶን በተመለከተ አባላቱ መጨቃጨቃቸው አይቀርም። «ለምን ፊታቸውን አናይም?» ይላሉ። እኛ የምንልከው የኩፖን ክምር፣ የወፍጮ ቤቱ ሚዛንና ደረሰኝ ነው። እጇን ዘርግታ ዱቄት የምትቀበል እናት ፎቶ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ነገ ዘመዷ ናይሮቢ ሆኖ ቢያየው ምን ይሰማታል? መናገር የፈለገች በራሷ ቮይስ ትናገር፤ ስሟን ሳትጠቅስ። እኛ ግሩፕ ላይ በጣም የሚደመጠውም እሱ ነው።

የመጀመሪያውን ዙር ትንሽ ላኩ፤ ለጥቂት ቤተሰብ የአንድ ወር ወፍጮ የምትሸፍን ትሁን። ኩፖኑ ተቆጥሮ፣ ደረሰኙ በእጃችሁ ገብቶ፣ ሦስታችሁም ከፈረማችሁበት በኋላ ሁለተኛውን ላኩ።