የመስታወት ኔጌቲቭ በክሎንዳይክ ብርድ፦ ችግርና መፍትሄ

እ.ኤ.አ. በ1896 በካናዳ ክሎንዳይክ፣ ቦናንዛ ጅረት ላይ ወርቅ ከተገኘ በኋላ ዶውሰን ከተማ የገቡት ፎቶ አንሺዎች፣ እነ ኤሪክ ሄግ፣ እነ ላርስና ዱክሎ፣ የሠሩት ብርሃን የሚቀርጽ ጄላቲን በተቀባ ደረቅ መስታወት ነው። ዛሬም በዚያ ብርድ በመስታወት የሚሠራ ሰው የሚገጥመው ያው ብልሽት ነው። መስታወት በቀይ መብራት መጫንና ፎከስ ማስተካከል ይታወቃል ብለን እንለፈው።

ጄላቲኑ ከጠርዝ ይነሳል፣ ይሸበሸባል

ከሁሉም የሚመላለሰው ይህ ነው። ምስሉ አምሮ ይወጣል፤ እጥበት ላይ ግን ጠርዙ ይላጣል። ምክንያቱ የሙቀት ዝላይ ነው። ዴቨሎፐሩ (ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ) 20 ዲግሪ፣ ማጠቢያው ከበረዶ ሥር የተቀዳ 1 ወይም 2 ዲግሪ ውኃ ይሆናል። በዴቨሎፐሩ ካርቦኔት ያበጠው ጄላቲን ድንገት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ መስታወቱ አብሮት አይሄድም፣ ይላቀቃሉ።

ማጠቢያውን አሙቆም የሚላጥበት ብዙ ነው። ያኔ ፊክሰሩን (ምስሉን የሚያጸናውን ፈሳሽ) ጠርጥሩ። ፊክሰሩ የሚሠራበት የሃይፖ ክሪስታል ሲሟሟ ሙቀት ይስባል፤ 250 ግራሙን በአንድ ሊትር የ20 ዲግሪ ውኃ ብትበጠብጡ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። አሁን በጥብጦ አሁኑኑ የሚነክር ሰው መስታወቱን በረዶ ውስጥ እንደከተተ ይቁጠረው። ፊክሰር ከዋዜማው ይበጠበጥ።

መፍትሄው፦ ዴቨሎፐር፣ መለቅለቂያ፣ ሸብ፣ ፊክሰርና ማጠቢያ ሁሉም 18 ዲግሪ አካባቢ ይሁኑ፤ ልዩነታቸው ከ2 ዲግሪ አይለፍ። ከዴቨሎፐር በኋላ፣ ከፊክሰር በፊት፣ 50 ግራም ሸብ በአንድ ሊትር ውኃ አሟሙታችሁ፣ ጄላቲኑ እንዲጠነክር ለ5 ደቂቃ ንከሩት። አስቀድማችሁ በደንብ ለቅልቁ፤ ካርቦኔት ከሸብ ጋር ሲገናኝ ነጭ አተላ ይሠራል፣ አተላውም ጄላቲኑ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

በጣት አትለኩ። ውጭ ሲበርደው የዋለ ጣት የ10 ዲግሪውን ውኃ ለብ ያለ ነው ይላል። ርካሽ ቴርሞሜትርም አይታመንም፤ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ክተቱት፣ 0 ካላሳየ ጣሉት።

ትሪውን ምድጃ ላይ አስቀምጦ ወሬ የሚይዝ ሰው ደግሞ አለ። 30 ዲግሪ ካለፈ ያልጠነከረ ጄላቲን ይቀልጣል፤ ተመልሶ ሲመጣ ባዶ መስታወትና ትሪው ውስጥ የተጠቀለለ ምስል ያገኛል። ምድጃ ዳር ማድረቅም ያው ነው፣ ጥላሸቱ ጭማሪ።

መላጥ ከጀመረ ውኃ ማፍሰሱን አቁሙ። መስታወቱን ሜቲሌትድ ስፒሪት (ለማንደጃ የሚሸጠው አልኮል) ውስጥ ብታጋድሙት ጄላቲኑ ተሰብስቦ ይመለሳል፤ አጋድማችሁ አድርቁት። በጣት አትጫኑት!

ምስሉ የገረጣ፣ ጥላ ብቻ ነው

ዴቨሎፐሩ ውስጥ ያለው ሃይድሮኪኖን ከ12 ዲግሪ በታች ይተኛል። ደቂቃ መጨመርም፣ ዱቄት መጨመርም አያነቃውም። አሙቁት።

ጭረትና ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣብ

የዩኮን ወንዝ ዶውሰን ሳይደርስ ኋይት ወንዝ ይቀላቀለዋል፤ ያ ወንዝ ከበረዶ ግግር የተፈጨ ደለል ያመጣል። ደለሉ ለስላሳ ጄላቲን ላይ እንደ አሸዋ ወረቀት ነው። የክሎንዳይክ ውኃ ይሻላል፣ ግን በበጋ የወርቅ አጣቢዎቹ ጭቃ ስለሚወርድበት እሱንም አትመኑ። ሌሊቱን አስተኝታችሁ፣ ከላይ ቀድታችሁ፣ በድርብ የጥጥ ጨርቅ አጥልሉ።

ዥጉርጉር ጉም

ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ከሆነ ብርድ ሞቃት ክፍል የገባ ዕቃ ወዲያው ያልበዋል። የመስታወት መያዣዎቹን ውጭ ሳላችሁ በወፍራም ጨርቅ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉ፤ ከገቡ በኋላ ለሰዓታት አትፍቱ። ካሜራው ውጭ ይደር። ሌንስ ላይ አትተንፍሱ፤ ትንፋሹ በረዶ ሆኖ ይቀራል።

ፀሐይ እያለ ኔጌቲቩ የሳሳ ሆነ

የክረምቱ ፀሐይ ዝቅ ብሎ ቢጫና ቀይ ብርሃን ይሰጣል፤ መስታወቱ የሚያየው ሰማያዊውን ነው። የብርሃን መለኪያችሁ ያለውን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ስጡት። ሰማዩ ነጭ መውጣቱ ግን ጥፋት አይደለም፣ የዚህ መስታወት ጠባይ ነው።

የቀሩት

ሻተር ሲዘገይ ዘይቱ ረግቷል፤ በቤንዚን አጥባችሁ ያለ ዘይት ተጠቀሙበት፣ ወይም በሌንስ ክዳን ሥሩ። የብርሃን ጭረት ከታየ የካሜራው ወናፍ ተሰንጥቋል፤ የቀዘቀዘ ቆዳ በኃይል አይዘረጋም። በጉዞ ላይ የሚሰበር ከሆነ ተጋድሞ ታሽጓል፤ አንድ ደርዘን የ8 በ10 ኢንች መስታወት ከ2 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የታችኛው ሁሉንም ይሸከማል፣ በጠርዙ አቁማችሁ እሸጉት።