ያረጁ የእንግሊዝኛ ቃላትን በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እየተመሩ እንዴት ማንበብ ይቻላል

እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰውም እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመውን የኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነብ ይደናቀፋል። የማያውቀው ቃል ብዙም አያስቸግረውም፤ መዝገበ ቃላት ያያል። የሚያሳስተው የሚያውቀው የሚመስለው ቃል ነው።

ኪንግ ጀምስንና የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ እትም አንድ ምዕራፍ ላይ ገልጠው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ለየብቻ የተተረጎሙ ስለሆኑ ሁሌ ቃል በቃል አይገጥሙም፤ ሐሳቡን ግን ያገኙታል።

1. በተውላጠ ስሙ ይጀምሩ። «ዛው» አንተ ወይም አንቺ ነው፤ «ዚ» አንተን፣ «ዛይ» ያንተ። «ዪ» እናንተ ሲሆን፣ በዚህ መጽሐፍ «ዩ» ማለት እናንተን ነው። «ዛው» ግርማ ስላለው ብዙ ሰው «አንቱ» ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ንጉሡም ለማኙም እግዚአብሔርም በነጠላ ቁጥር «ዛው» ይባላሉ፤ እኛም በጸሎት «አንተ» እንላለን።

ሉቃስ 22፥31-32ን ይመልከቱ። ጌታ ስምዖንን እየጠራ ሰይጣን «ሊያበጥራችሁ» ለመነ ይላል፤ ወዲያው «ስለ አንተ» ይላል። ኪንግ ጀምስ መጀመሪያ «ዩ»፣ ቀጥሎ «ዚ» ብሎ ይለየዋል። በዛሬው እንግሊዝኛ ሁለቱም «ዩ» ስለሆኑ፣ የሚበጠሩት ሁሉም ደቀ መዛሙርት መሆናቸው ይድበሰበሳል።

2. የግሱን መጨረሻ ይዩ። በኢ-ቲ-ኤች ካለቀ እሱ ወይም እሷ፣ በኢ-ኤስ-ቲ ካለቀ አንተ ወይም አንቺ።

3. ዓረፍተ ነገሩ እንግዳ ከሆነብዎ የሚያውቁትን ቃል ይጠርጥሩ። በማርቆስ 10፥14 «ሳፈር» የሚለውን በዛሬው ፍቺ ያነበበ ሰው ሕፃናቱ እንዲሠቃዩ የታዘዘ ይመስለዋል፤ አማርኛው ግን «ተዉ» ይላል፣ ፍቀዱላቸው ለማለት። በ1ኛ ተሰሎንቄ 4፥15 «ፕሪቨንት» መከልከል አይደለም፤ አማርኛው «አንቀድምም» እንዳለው መቅደም ነው። ቀድሞ የደረሰ መንገድ ይዘጋልና ፍቺው ቀስ በቀስ ወደ መከልከል ዞረ። በዘፍጥረት 1፥29 «ሚት» የተባለው ቡቃያና ፍሬ ነው፤ «መብል» እንጂ ሥጋ አይደለም። «ዌርፎር» ደግሞ «የት» ቢመስልም «ለምን» ወይም «ስለዚህ» ነው።

ክፉው «ሌት» ነው። ዛሬ መፍቀድ ነው፤ በ2ኛ ተሰሎንቄ 2፥7 ግን «የሚከለክል» ተብሎ የተተረጎመው ይኸው ቃል ነው። ቀድሞ የተለያዩ የነበሩ ሁለት ቃላት ድምፃቸው ገጥሞ ነው። የእንግሊዝ ፓስፖርት ባለቤቱ ያለ «ሌት» ይለፍ ሲል እስከ ዛሬ በአሮጌው ፍቺ ይጠቀምበታል።

4. ግምትዎን በመዝገበ ቃላት ያረጋግጡ። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ከጥንታዊው ፍቺ ይጀምራል፤ የተማሪዎቹ ግን ዛሬ ከሚዘወተረው። ስለዚህ ፊት የተጻፈውን ብቻ ይዞ መሄድ ያሳስታል። «አርኬይክ» የሚል ምልክት ካለው ቃሉ አርጅቷል፣ ሰው ግን ገና ያውቀዋል፤ «ኦብሶሊት» ካለ ከአገልግሎት ወጥቷል።

5. ፍቺውን ከነጥቅሱ ደብተር ላይ ይጻፉ። «ሌት - መከልከል» ብቻ ብለው ከጻፉ፣ ከወር በኋላ የዛሬውንም «ሌት» እንደዚያው ማንበብ ይጀምራሉ።

በአሮጌ መጠጥ ቤቶች ምልክት ላይ የሚታየው «ዪ ኦልድ» ግን ከላይ ካየነው «ዪ» ጋር አይዛመድም። የቲ-ኤች ድምፅ የነበረው፣ ኋላ የጠፋ ፊደል በዋይ ተተክቶ ነው፤ «ዘ» ተብሎ ይነበባል።