ኩሽኔታ ልትገዙ ነው? ቁጥሩን ያዙ

ሰበታም ሆነ ገላን ወፍጮ ያላችሁ ሰዎች፣ ኩሽኔታ ሲበላ መርካቶ ወርዳችሁ «የወፍጮ ስጠኝ» አትበሉ። አሮጌውን ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት፤ ጠርዙ ላይ ቁጥር አለው። 6205 ከሆነ ውስጡ 25፣ ውጪው 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር ነው። የትኛውም ፋብሪካ ቢሠራው ልኩ አይለወጥም።

ከቁጥሩ ኋላ ያሉትን ፊደላትም ጻፉ። ዜድዜድ (ZZ) ክዳኑ ቆርቆሮ፣ 2አርኤስ (2RS) ደግሞ ጎማ ነው። ዱቄት ለሚቦንበት ቤት የጎማው ይሻላል። ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ ቶርኖ ቤት በካሊፐር ይለካላችኋል።

ሻጩን በዚህ ለዩት፦ 6205 ጠይቃችሁት 6305 አውጥቶ «ያው ነው፣ ይገባል» ካለ ውጡ። ሻፍቱ ላይ በእርግጥ ይገባል፤ ውጪው ግን 62 ስለሆነ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቤት አይቀበለውም። ደረሰኝ የሚቆርጥና «ካልሆነ መልሱት» የሚል ካገኛችሁ ስልኩን ያዙ፣ ትንሽ ቢወደድም።